ጨጓራ የተባለው ሁሉ ጨጓራ አይደለም፦ በስኳር የተጎዳ የአንጀት ነርቭን በምስል መፈለግ

ስኳር ካለባቸው ሰዎች ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ። «ሁለት ሦስት ጉርሻ ስበላ ጥግብ እላለሁ። ሆዴ ይነፋል። ጠዋት የሚያስመልሰኝ የማታው ራት ነው፤ እንዳለ።» በእኛ ዘንድ ለዚህ ሁሉ አንድ ስም ይበቃል፤ ጨጓራ። ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ በርበሬ ይቀነሳል፣ ቡና ይቀራል። ወራት ይሄዳሉ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን የካሜራ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ፣ ይታዘዛል። ቁስል የለም፣ ዕጢ የለም። ታማሚው «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል።

ይህ መልስ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለምና። ኢንዶስኮፒ የሚያየው የጨጓራን የውስጥ ሽፋን ነው። ቁስል ወይም መዘጋት ካለ ያሳያል፤ ለዚህም ሁልጊዜ መቅደም አለበት። ጨጓራው የተቀበለውን ምግብ በሰዓቱ ወደ አንጀት ያስተላልፍ እንደሆነ ግን አይለካም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ደግሞ የሚያበላሸው ይህንኑ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሥራውን የሚመሩት ነርቮች ይጎዳሉ፣ ሽፋኑ ጤነኛ እንደሆነ ይቀራል።

የእግር ነርቭ በስኳር እንደሚጎዳ ብዙ ሰው ያውቃል። መደንዘዙን፣ ማቃጠሉን ሰምተናል። የሆድ ነርቭም ሊጎዳ እንደሚችል ግን ብዙም አይወራም። ከጉሮሮ በታች እስከ ፊንጢጣ ባለው የምግብ ቱቦ ግድግዳ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች አሉ። በሁለት መረብ የተዘረጉ ናቸው። አንዱ በጡንቻ ሽፋኖች መካከል ሆኖ መጨመቅንና መላላትን ይመራል። ሌላው ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ሆኖ የፈሳሽና የደም ዝውውርን ይቆጣጠራል። እነዚህ ነርቮች የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቁ ብዙ ነገር በራሳቸው ይሠራሉ። ከአንጎል ጋር የሚያገናኛቸው ትልቁ መስመር ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአንገትና በደረት በኩል ሆድ ድረስ ይወርዳል።

ከነርቮቹ ጎን ሌሎች ልዩ ሴሎችም አሉ። በስፔናዊው ሳይንቲስት በራሞን ኢ ካኻል ስም ይጠራሉ። ሥራቸው ምት መስጠት ነው። በጨጓራ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል፣ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወደ 12 ጊዜ። በቀዶ ሕክምና ወቅት ከታማሚዎች የጨጓራ ግድግዳ ናሙና ተወስዶ ሲታይ፣ በስኳር ምክንያት ጨጓራቸው ከዘገየ ሰዎች መካከል በብዙዎቹ የእነዚህ የካኻል ሴሎች ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል። ጡንቻን የሚያላሉ ነርቮችም የሚቀንሱባቸው አሉ።

የሚያላሉ ነርቮች ሲጎዱ ምን ይሆናል? ጤነኛ ጨጓራ ምግብ ሲመጣለት የላይኛው ክፍሉ ላላ ብሎ ቦታ ይሰጣል። የታችኛው ክፍል ደግሞ ይፈጫል። ጠጣር ምግብ አንድ ሁለት ሚሊሜትር እስኪያህል ከደቀቀ በኋላ በመውጫው በር ቀስ እያለ ወደ አንጀት ይለቀቃል። የላይኛው ክፍል አልላላ ካለ ሰውየው በጥቂት ጉርሻ ይጠግባል። የታችኛው ካልፈጨ ወይም የመውጫው በር አልከፈት ካለ ምግቡ ለሰዓታት ይቀመጣል። ይህ የጨጓራ መዘግየት በሕክምናው ጋስትሮፓሬሲስ ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ካሳንደር ከስኳር ጋር አያይዞ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ በጨጓራ አያበቃም። ትንሹ አንጀትም ትልቁም ሊዘገዩ ይችላሉ። አንዱ ሰው ለሳምንት ሆዱ ይደርቃል። ሌላው ሌሊት በተቅማጥ ይነሳል፣ አንዳንዴም ሳይቆጣጠረው ያመልጠዋል። ይህን ለሐኪም መናገር የሚያፍር ሰው ብዙ ነው። ሲጠየቅ እንኳ «ደህና ነኝ» ይላል።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ። ሲቲ ስካን፣ ተራ ራጅ፣ ኢንዶስኮፒ፣ ሁሉም በዋናነት ቅርጽን ያሳያሉ። የነርቭ ጉዳት ግን ቅርጽን አይለውጥም፤ እንቅስቃሴን ነው የሚለውጠው። መገናኛ ላይ የቆመ ታክሲን አንድ ፎቶ ብታነሱ፣ ታክሲው ሊሄድ ነው ወይስ ሞተሩ ሞቷል የሚለውን ፎቶው አይነግራችሁም። እዚያው ቆማችሁ ደጋግማችሁ ማንሳት አለባችሁ። የሆድ ነርቭ ጉዳትን በምስል ማጥናት ማለትም ይኸው ነው። ነርቩ ራሱ በተለመደው ምስል አይታይም። ስለዚህ ሥራው ይታያል፣ ከሰዓት ጋር ይለካል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኤክስሬይ በተገኘ በዓመቱ፣ በ1896 መጨረሻ፣ ዋልተር ካነን የሚባል የሃርቫርድ የአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ምግብን ቢስመዝ ከሚባል ከባድ ብረት ጋር እየቀላቀለ እንስሳትን ማብላት ጀመረ። ቢስመዝ በኤክስሬይ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፣ የድመቷ ጨጓራ ሲጨመቅና ሲላላ በቀጥታ መከታተል ቻለ። ድመቷ ስትቆጣ ወይም ስትጨነቅ ደግሞ እንቅስቃሴው ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አየ። ውጤቱን በ1898 አሳተመ። ነርቭ ጨጓራን እንደሚያዝ በምስል ካሳዩት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ለሰው የሚሆነው መለኪያ የመጣው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። በ1966 በዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ምግብ ውስጥ ጥቂት ጨረር አመንጪ ክሮሚየም ጨምረው ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ከውጭ ለኩ። ዛሬም ዋናው ምርመራ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ንጥረ ነገሩ አሁን ቴክኒሺየም ነው። ኃይሉ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ሰውነት ውስጥ አይቆይም፤ የሚሰጠው የጨረር መጠንም አነስተኛ ነው። ጨረሩን ከውጭ የሚያነበው መሣሪያ ጋማ ካሜራ ይባላል።

በ2008 የአሜሪካ ባለሙያዎች የተስማሙበት አሠራር እንዲህ ነው። ሰውየው ከሌሊት ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ይመጣል። ቴክኒሺየም የተቀላቀለበት የበሰለ የእንቁላል ነጩ ክፍል፣ ሁለት ቁራሽ ዳቦ፣ ማርማላታና ውኃ ይሰጠዋል። በጠቅላላው 255 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ከዚያ ወዲያው፣ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ4ኛው ሰዓት ምስል ይነሳል። ከ2 ሰዓት በኋላ ከምግቡ ከ60 በመቶ በላይ፣ ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ ከ10 በመቶ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከተገኘ፣ ጨጓራው ዘግይቷል ይባላል። አራተኛው ሰዓት ላይ የሚነሳው ምስል ቁልፍ ነው። ሰዓት ለመቆጠብ በሁለተኛው ላይ የሚያቆም ምርመራ ብዙ ሰው ያመልጠዋል።

እንቁላል የተመረጠበት ምክንያት አለ። ሲበስል ቴክኒሺየሙ ከእንቁላሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ፈሳሹ አያመልጥም። ታዲያ በእንጀራ ቢሠራስ? ማንበብ ይቻላል፤ ችግሩ ማነጻጸሪያ ማጣት ነው። እነዚያ 60 እና 10 የሚሉ ቁጥሮች የተገኙት ያንን ምግብ ከበሉ ጤነኛ ሰዎች ነው። የሌላ ምግብ ስብና መጠን ሌላ ስለሆነ ፍጥነቱም ሌላ ይሆናል። በውጭ አገር ያላችሁና በጾም ወቅት ይህ ምርመራ የታዘዘላችሁ ሰዎች ይህን አስቀድማችሁ ብታውቁ ጥሩ ነው። ምግቡ እንቁላል መሆኑን ቀጠሮው ቀን ክፍሉ ውስጥ ከመስማት፣ ቀድሞ ደውሎ ቀኑን ማስለወጥ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጠዋት ያለው የስኳር መጠን ራሱ ውጤቱን ይቀይራል። ስኳር ከፍ ሲል ጨጓራ ይዘገያል፤ ነርቩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ። ስኳር ሲወርድ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ስኳር ይለካል፤ ከ275 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በላይ ከሆነ እስኪስተካከል መጠበቅ ወይም ለሌላ ቀን መቅጠር ይመከራል። በ340 ስኳር የተነሳ ምስል ስለ ነርቩ ሳይሆን ስለዚያ ቀን ስኳር ሊሆን ይችላል የሚነግረን። ውጤት የደረሰው ሰው «በዚያን ዕለት ስኳሬ ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ምርመራው ጎድሎበታል ባይ ነኝ።

መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ያዘገያሉ። ለስኳርና ለክብደት የሚወሰዱት እነሴማግሉታይድ፣ ማለትም ኦዜምፒክ፣ ከሚሠሩበት መንገድ አንዱ ጨጓራን ማዘግየት ነው። ማስመለስን ለማስታገስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ በተቃራኒው ያፈጥናል። ጫትስ? በ1995 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በዚሁ በጨረር ዘዴ ለክቶ፣ ጫት ማኘክ የጨጓራን መልቀቅ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ስለዚህ ጫት የሚቅም ሰው ሳያፍር ለሐኪሙ ይንገር። ካልተነገረ የቅጠሉ ሥራ በነርቩ ላይ ይመካኛል።

ምስሉ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ስሜት ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኦልምስቴድ ካውንቲ በተደረገ ጥናት፣ ዓይነት 1 ስኳር ካለባቸው ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ 5.2 በመቶው፣ ዓይነት 2 ካለባቸው 1 በመቶው በጋስትሮፓሬሲስ እንደተያዙ ተቆጥሯል፤ ስኳር ከሌለባቸው ግን 0.2 በመቶ ብቻ። አነስተኛ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ምልክት ይዟቸው ወደ ሐኪም መጥተው የተመዘገቡትን ነው የሚቆጥረው። በአሜሪካና በካናዳ ለአሥርት ዓመታት ከተከታተሏቸው ዓይነት 1 ታማሚዎች መካከል 78ቱ የጨጓራን ፍጥነት ከትንፋሽ በሚያነብ ምርመራ ሲለኩ፣ ጨጓራቸው የዘገየው 47 በመቶ ሆነው ተገኙ። ጨጓራው ዘግይቶ ብዙም የማያመው ሰው አለ። በተቃራኒው ሆዳቸው እያሰቃያቸው ጨጓራቸው በሰዓቱ የሚለቅ ሰዎች አሉ። ሲፈጥንባቸውም የሚገኙ አሉ፤ የፈጠነ ጨጓራና የዘገየ ጨጓራ ደግሞ በስሜት ብዙም አይለያዩም። ለዘገየ የሚሰጥ መድኃኒት ለፈጠነ ቢሰጥ ነገሩን ያብሳል።

አልትራሳውንድ ርካሽና ቅርብ አማራጭ ነው። ጨረር የለውም። ሐኪሙ የጨጓራን የታችኛውን ክፍል ስፋት ከምግብ በፊትና በኋላ በየተወሰነ ደቂቃ ይለካል። ስፋቱ ቶሎ ከቀነሰ ምግቡ እየወጣ ነው። ጡንቻው ሲጨመቅም በቀጥታ ይታያል። በኢትዮጵያ አልትራሳውንድ በየክሊኒኩ ስላለ፣ ለእኛ ተስፋ የሚጣልበት ይመስለኛል። እንቅፋቱ የባለሙያው ልምድ ነው። የተነፋ ሆድ ውስጥ ያለ አየርም ምስሉን ይጋርዳል። በዚሁ መሣሪያ አንገት ላይ ቫገስን ራሱን ማየት ይቻላል። ከትልቁ የደም ሥር አጠገብ ያለች፣ ውፍረቷ በሚሊሜትር የሚቆጠር ክር ናት። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ቀጥና የተገኘችበት ጥናት አለ፤ ለአንድ ሰው ምርመራ ግን ገና አትበቃም።

ኤምአርአይ የበለጠ ያሳያል። በእንግሊዝ ኖቲንግሃም፣ በ2003 ኖቤል የተሸለሙት ፒተር ማንስፊልድ ምስልን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ የማንሳት ዘዴ አበጁ። ፈጣን ምስል ካለ የሚንቀሳቀስ ሆድ ሳይደበዝዝ ይታያል። እዚያው ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ለሆድ አዋሉት። የጨጓራን ይዘት ይለካሉ። በትንሹ አንጀት ውስጥ ያለውን ውኃም በሚሊሊትር ይቆጥራሉ። በ2014 በታተመ ሥራቸው በባዶ ሆድ ያ ሁሉ ርዝመት ያለው ትንሽ አንጀት በአማካይ የያዘው ነፃ ውኃ 43 ሚሊሊትር ብቻ ነበር፤ እሱም እዚህም እዚያም ተበታትኖ። በዴንማርክ ኦልቦርግ ደግሞ ዓይነት 1 ስኳርና የነርቭ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ሆድ በኤምአርአይና በሚዋጡ የመለኪያ ክኒኖች ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 ያሳተሙት ሥራ፣ እግራቸው ላይ የነርቭ ጉዳት ያለባቸው እነዚህ ሰዎች ጨጓራቸው ብቻ ሳይሆን ትንሹም ትልቁም አንጀታቸው እንደሚዘገይ አሳይቷል። ኤምአርአይ ጨረር ስለሌለው አንድን ሰው በየዓመቱ ደጋግሞ ማየት ይፈቅዳል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ሰውየውም መተኛት ስላለበት ተቀምጦ እንደሚበላ ሰው አይሆንም።

ነርቩን ራሱን ለማየት ቅርብ የመጣው ፔት ስካን ነው፤ በደም ሥር የተሰጠ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የት እንደተሰበሰበ የሚያሳይ ምስል። በዴንማርክ ኦርሁስ ያሉ ተመራማሪዎች ዶኔፔዚል የተባለውን የመርሳት በሽታ መድኃኒት በጨረር አመንጪ ካርቦን ምልክት አድርገው በደም ሥር ሰጡ። መድኃኒቱ አሴቲልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ በሚያፈርሰው ኢንዛይም ላይ ይጣበቃል። ቫገስና የአንጀት ነርቮች በብዛት የሚጠቀሙት ይህን መልእክተኛ ስለሆነ፣ ምስሉ የበራበት ቦታ እነዚያ ነርቮች ያሉበትን ይጠቁማል። በ2015 ባወጡት ውጤት ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ትንሽ አንጀትና ቆሽት ከጤነኞቹ ደብዝዘው ታዩ። ይህ ለስኳርም በር ይከፍታል። ችግሩ የካርቦኑ ዕድሜ ነው። በ20 ደቂቃ ግማሹ ስለሚጠፋ የሚመረትበት ማሽን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ መኖር አለበት።

ይህ ሁሉ ለታማሚው ምን ይቀይራል? መጀመሪያ ኢንሱሊኑን። ሰውየው ከምግብ በፊት ይወጋል። ኢንሱሊኑ በሰዓቱ ሥራ ይጀምራል፤ ምግቡ ግን ጨጓራ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ በልቶ እንደጨረሰ ስኳሩ ይወርዳል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓታት በኋላ ምግቡ ሲለቀቅ ኢንሱሊኑ አልቋል፤ ስኳሩ ይተኮሳል። ሐኪሙ የስኳር መዝገቡን ብቻ ካየ «አመጋገብህን አልጠበቅክም» ሊል ይችላል። የአራተኛው ሰዓት ምስል ከጎኑ ካለ ግን የመርፌውን ሰዓት ወይም ዓይነት ይቀይራል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው፣ ባይታመምም እንኳ ይህን ለይቶ ይናገር።

ከዚያ ምግቡን። በስዊድን ኢንሱሊን የሚወስዱና ጨጓራቸው የዘገየ ሰዎች ላይ የተደረገ፣ በ2014 የታተመ ጥናት ደቅቆ የተዘጋጀ ምግብ ማቅለሽለሽንና የሆድ መሙላትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጨጓራው መፍጨት ስላቃተው መፍጨቱ ድስት ላይ ይጀመርለታል ማለት ነው። ሽሮ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ በደንብ በስሎ የተፈጨ አትክልት ለዚህ ይመቻሉ። ጥሬ ጎመን፣ ቆሎና ቅባት የበዛበት ወጥ አይመቹም። መጠኑ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይከፋፈላል፤ ስንት ይሁን የሚለው ከኢንሱሊኑ መጠን ጋር አብሮ ከሐኪሙ ጋር ይወሰናል።